ለበልግ የተቀመጥነው ለቅሶ

የምኖረው መካነ ሰላም ዳር፣ የከተማው ቤት አልቆ የገበሬው ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከፊቴ መንገድ አለ፤ ከጎኔ የጎረቤቴ የገብስ ማሳ። ጎረቤቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች የምትኖር፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ በወረዳው መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። በዚህ ተስማምተን ብዙ ዘመን ቆይተናል።

የማስታውሰው ሞባይል ወደ ሰፈራችን ገና የገባበትን ጊዜ ነው። ኔትወርክ ቤት ውስጥ አይዝም ነበር። የሚይዘው በእኔና በእሷ አጥር መካከል ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ነው፤ ያውም ተጮኾ። ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ስትደውል ጎረቤቴ ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። እኛም ወደድንም ጠላንም እንሰማለን።

ልጇ አንድ ናት። የመጀመሪያ ኮንትራቷ ሲያልቅ ልትመጣ ነበር። በዚያው ዓመት በልጉ ቀረ፤ እናትየውም እንደ ዋዛ በስልክ ነገረቻት። ልጅቷ «በልጉ ከቀረማ ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልሠራ ነው?» ብላ ኮንትራቱን አደሰች። ያን ቀን ጎረቤቴ ከድንጋዩ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠችና እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ኮንትራት የሚያልቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነበር። የዚያን ዓመትም በልጉ ከዳን። በየካቲት ደመናው መጣ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ሰዉ ዘራ። ገብሱ ብቅ ብሎ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። በመጋቢት ማሳው እንደ አሮጌ ምንጣፍ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ጎረቤቴ ይህን ለልጇ ላትናገር ወሰነች። ልጅቷ ከሰማች ትቀራለች፤ ካልሰማች ትመጣለች። ነገሩ ለእሷ ይኸው ነበር።

እናም ድንጋዩ ላይ ወጥታ ትዋሽ ጀመር።

«ገብሱ? ማሻላህ ነው! ጉልበት ደርሷል! ኧረ ጉልበት! ነፋስ ሲመጣ እንዴት እንደሚተኛ ብታዪው!»

መንገደኛው ቆም ብሎ ማሳውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ መልሶ ማሳውን ያያል። አንድ ቀን አህያውን የሚነዳ የታወቀ ቀልደኛ ገበሬ ከሥር ሆኖ፣ «እትዬ፣ የቱ ጋ ነው? ለአህያዬ ብታሳዪልኝ ምን ይጎዳሻል?» አላት። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና፣ «ሂድ አንተ ቀልበ ቢስ! አህያህን ይዘህ ጥፋ!» አለችና ወደ ልጇ ተመለሰች። «አይ፣ ምንም አይደለም የኔ ሆድ፣ መንገደኛ ገብሱን እያደነቀ ነው።»

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ስትቀመጥ አያታለሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ለቀስተኛ። ወደ ቤት ስትመለስ ታስተካክለዋለች። እኔ በመስኮት አይቼ ዝም አልኩ። የሰፈራችን ቄስ ሚስት ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ፈጥና የምታዝን፣ ፈጥና የምትስቅ፣ ከእኛ በዕድሜ የምታንስ ናት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሬን አንኳኳች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ አልሰማሽም?»

«ምኑን?»

«ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማሳው ዳር ተቀምጣለች። ትናንትም አይቻታለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷ ናት፣ እትዬ። ሌላ ማን አላት?»

በዚያ ዘመን ልጇ ዓረብ አገር ያለች እናት ነጠላዋን ካዘቀዘቀች ማንም «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቁ ጭካኔ ነው። ለቅሬው ይነገራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ተሰብስቦ ይኬዳል። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ የእኛው የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። በማግሥቱ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ የእዝኑን ንፍሮ በመሶብ ይዘን ሄድን። ከፊት እማማ ነበሩ። እማማ የምንላቸው ሴቶችን ሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ፣ ምርኩዝ የማይለያቸው የእስላም ባልቴት ናቸው። የቄሱ ሚስት ሙሾ ታውቃለችና ገና ከአጥሩ በር ጀመረችው።

ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና አለች። ነጠላችንን አየች፣ መሶቡን አየች፣ ልቅሶውን ሰማች። ጎመኑ ከጭኗ ወደቀ።

«ልጄን!» አለች። «ወይኔ ልጄን! ልጄን በላኋት!»

ይኸው፣ በአፏ ተናገረችው ብለን ልቅሶው ባሰብን። መሬት ላይ ወደቀች። ልናነሣት ብለን ይዘናት ተቀመጥን። እሷ እኛን እያየች ትጮኻለች፣ እኛ እሷን እያየን እንጮኻለን። ይህ የቆየውን ያህል ከቆየ በኋላ እማማ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆዩ፣ ቆዩማ! አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የተደወለልሽ? ማን ነገረሽ?»

«ምን ይደወልልኛል! መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ!»

«እኛ?»

«እናንተ ነዋ! ይኸው ቆማችሁ!»

«እኛማ ነጠላሽን አይተን ነው የመጣነው!»

ዶሮዎቿ የወደቀውን ጎመን ይለቅሙ ነበር።

«ታዲያ ልጄ… አልሞተችም?»

«እኛ በምን እናውቃለን? ያዘንሽው አንቺ!» አለች የቄሱ ሚስት።

«እኔ ያዘንኩት ለገብሱ ነው!»

ብድግ ብላ በባዶ እግሯ ወደ ድንጋዩ ሮጠች። እኛም ተከተልን። ወጥታ ደወለች። «አለሽ? አለሽ የኔ ሆድ? …ምንም! ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። …አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው። …ገብሱ?» ዘወር ብላ አየችን። ንፍሮ የያዝን፣ ፊታችን በእንባ የራሰ ሴቶች ከሥሯ ቆመናል። ከኋላችን ደረቁ ማሳ። «ገብሱማ ጉልበት ደርሷል» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከድንጋዩ ስትወርድ መጀመሪያ የሳቀችው የቄሱ ሚስት ናት። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እማማ ራሳቸው በምርኩዛቸው ተደግፈው ሳቁ። ሆኖም ቀላል ነገር አልነበረም። አንዳንዶቹ ሴቶች ተቆጥተው፣ «በቁሟ ባለች ልጅ ላይ ማሟረት ነው» ብለው ሄዱ። አራታችን ቀረን። እዝን ሳይፈታ አይመለስምና ንፍሮው መበላት ነበረበት። ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«እንግዲህ» አሉ እማማ፣ ባቄላውን በጥርሳቸው ሳይሆን በድዳቸው እያላመጡ፣ «ለቅሶ ብለን መጥተናል። ስለ ሟቹ ንገሪን።»

ጎረቤቴ የሚቀልዱባት መሰላት። ቀና ብላ አየቻቸው። አልቀለዱም።

«እኔ እንጃ» አለች። «በልጉ ሲቀር የመጀመሪያዬ አይደለም። ያኔ ግን በሚቀጥለው ይመጣል እል ነበር። አሁን ማሳውን ሳየው እንደሚመጣ አላምንም። የሆነ ነገር እንደሞተ ነው የሚሰማኝ። ለማን ይነገራል? ለልጄ ብናገር ትቀርብኛለች። ለሰው ብናገር፣ ከዚህ የባሰ አለ ይለኛል። ማሳው ዳር ሄጄ አለቅሳለሁ።»

የቄሱ ሚስት ልትመክር አፏን ከፈተች። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ዶሮውን ብታበዥና…»

«ተይ!» አሉ እማማ። «ምክር ማን ጠየቀሽ? በዱዓ ላይ ሰው ችግሩን ሲናገር ምን ይባላል?»

«አሚን።»

«በይ እሱን በይ።»

«እኔ የቄስ ሚስት ሆኜ?»

«አሜን በይዋ! ማን ከለከለሽ?»

አሜንም አሚንም አልን። ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። የተነፈሰችው ትንፋሽ ብዙ ዘመን ተይዞ የወጣ ይመስል ነበር።

ለቅሶ ሦስት ቀን ነውና በማግሥቱም በሠልስቱም ሄድን። ከዚያ እማማ፣ «ይህ ሟች ቶሎ የሚቀበር አይደለም፤ በየሳምንቱ እንምጣ» አሉ። መጣን። ጥጥ ይዘን እየፈተልን እንቀመጣለን፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይቀለዋል። ሥርዓቱን ያወጡት እማማ ናቸው። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አትመክርም፣ የእኔ ይብሳል አትልም፣ አታባብልም። አሚን ብቻ። ከዚያ ቀልድ ይፈቀዳል።

የቄሱ ሚስት የፈራችው ጠበል መቀነሱን ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሚወርደው ውኃ ልጅ ሳለች ከሩቅ ይሰማ እንደነበር፣ አሁን ግን ጆሮ ጠጋ ካላደረጉ እንደማይሰማ ነገረችን። ባሏ እንዳይጨነቅ ብላ ያልሰማች ትመስላለች፤ እሱም እሷ እንዳትጨነቅ ያልሰማ ይመስላል። «ሁለታችንም ደንቁረን ተኝተናል» አለች፤ መጀመሪያ አሜን አልን፣ ቀጥሎ ሳቅን። እማማ ደግሞ ወረኢሉ ያለችው እህታቸው ጋ ወቅቱ እንዲሁ መዛባቱን ነገሩን። ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ «እኔ የምፈራው ዱዓዬን ነው» አሉ። «ድሮ ዝናብ ለምኜ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ለምኜ ሳይመጣ ሲቀር ሴቶቹ ፊቴን ያዩኛል። አላህ አልሰማሽም እንዴ ያሉኝ ይመስለኛል።» ያንን ከእሳቸው አፍ መስማት ከባድ ነበር። አሚን ስንል ድምፃችን አነሰ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ «ምናልባት የእኔ ጥፋት ይሆናል» አለች። ልጇን ለመላክ ስትል ከማሳው ዳር የነበረውን ትልቅ ወይራ አስቆርጣ ሸጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዝናቡ የሸሸው፤ ወይራው ነው የጠራው የነበረው ብላ ራሷን ስትኮንን ኖራለች። እኔ በዚያ ቤት ብዙ አልናገርም ነበር፤ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። መዝገብ ቤት ሳለሁ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ብዙ ወረቀት በእጄ አልፏል።

«የአየር ንብረት ለውጥ ይሉታል» አልኩ። «ዛፍ መቆረጡም የራሱ ጉዳት አለው። ዋናው ግን የዓለም ፋብሪካና የዓለም መኪና የሚያወጣው ጭስ ነው። የአንቺ አንድ ወይራ አይደለም።»

«መኪና?» አለች የቄሱ ሚስት። «በእኛ መንገድ የሚያልፈው እኮ ያ የሚያስለው አይሱዙ ነው!»

«የእኛን መኪና አላለችም፣ የዓለምን ነው» አሉ እማማ።

ጎረቤቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። «እርግጠኛ ነሽ? ወይራው አይደለም?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ይህቺ ሴት!» ብላ ጥጥ ወረወረችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መዝገብ ቤት» የሚል ስም ወጣልኝ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ዛሬስ መዝገቡ ይከፈታል?» ይሉኛል። «የለኝም» እላለሁ። «የለኝም ነው ወይስ ቁልፉ ጠፋ?» ይላሉ እማማ። እፈትላለሁ።

በሰኔ፣ በልግ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፣ እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጠራ። ጎረቤቴ ወደ ድንጋዩ ስትሄድ እኛም እንዝርታችንን ይዘን ተከተልናት። አልጠራችንም፤ አልከለከለችንም። የቄሱ ሚስት ከራሷ ልጅ የተማረችውን ቁልፍ ተጭና ድምፁን ለሁላችን አወጣችው።

«እማ፣ ገብሱ ታጨደ?»

ጎረቤቴ ድንጋዩ ላይ ቆማ እኛን አየችን። እማማ ዓይናቸውን ወደ እንዝርታቸው መለሱ። በሥርዓታችን ምክር የለም።

«ገብስ የለም» አለች ጎረቤቴ። «በልጉ አልጣለም። ዋሽቼሻለሁ። እኔ… ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

«አሜን!» አለች የቄሱ ሚስት፣ ሳታስበው፣ ጮክ ብላ።

«ማን ናት? እማ፣ ማን አለ እዚያ?»

«ሴቶች ናቸው። ለቅሶ ተቀምጠን ነው።»

«ምን? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም! ማንም አልሞተም! አብሽሪ!» አልን ሁላችን በአንድ ላይ፤ እኔም ጭምር ጮኼ ነበር።

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ድምፅ ተሰማ። «አውቄ ነበር እኮ፣ እማ» አለች። «አንቺ እኮ ማሳ ላይ ያለ እህል አድንቀሽ አታውቂም። ጥሩ የሆነ ጊዜ እንኳ ዓይን እንዳይበላው ‹ደህና ነው፣ እንግዲህ እሱ ያውቃል› ነው የምትይው። ጉልበት ደረሰ ስትይኝ ያኔ ነው የፈራሁት። እናቴ ልትነግረኝ እስኪያቅታት ድረስ ምን ቢመጣ ነው ብዬ። ኮንትራቱን አድሱልኝ ልላቸው ነበር።»

ጎረቤቴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። የደበቀችው ነገር ልጇን ሊያስቀርባት እንደነበር ሲገባት በፊቷ ላይ አየሁ።

«አልፈረምሽም?»

«አልፈረምኩም።»

«እንግዲህ ስሚ። ዝናብ በአንቺ ደመወዝ አይመጣም። ብትቀሪ እኔ ሁለት ነገር ነው የማጣው። እዚህ ክረምቱን ጤፍም ሽምብራም እንሞክራለን። ካልሆነ ደግሞ አብረን እንፈራለን። ነይልኝ።»

ልጅቷ መጀመሪያ የራሷን ጉድ አወጣች። እዚያም ሙቀቱ ከዓመት ዓመት እንደባሰ፣ ሰገነት ላይ የምታሰጣው ልብስ የመጨረሻው ሳይሰቀል የመጀመሪያው እንደሚደርቅ፣ የአሠሪዋ ልጆች ለወራት ደጅ እንደማይወጡ ነገረችን። ለእናቷ ነግራት አታውቅም ነበር፤ እንዳትጨነቅ። «አስቤ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ጉሙ ናፍቆኛል» አልኩ። «ደንቆሮ ከሚባለው ጫካ በኩል ጠዋት ጠዋት ይመጣ የነበረው። ወደ ሥራ ስሄድ ነጠላዬን ያረጥበው ነበር። ከቀረ ቆየ።»

«አሚን» አሉ እማማ። ከዚያ የቄሱን ሚስት በክርናቸው ነካ አድርገው፣ «ተከፈተ» አሉ።

ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ገብቶም በኃይል ጣለ፤ ከላይ ያለውን አፈር ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ጎረቤቴ ያንን ሁሉ ሳምንት ድንጋዩን እያየች ነው የከረመችው። ልጅቷ ስትደውል ስለ መምጣት አታነሣም፣ እናትየውም አትጠይቅም። ማሳው ምን እንደሆነ ግን በየጊዜው እንዳለ ትነግራታለች፤ ሽምብራው እንደበቀለ፣ ግማሹን ጎርፍ እንደወሰደው። መንገደኛ ከሥር ቆሞ የሚያስተባብለው ነገር አጣ።

ከመስቀል በኋላ፣ «መጣሁ» ብላ ደውላ፣ ልጅቷ መጣች። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሳይገባ መንገዱ ዳር ነው ያወረዳት። እኛ እናቷ ቤት ስንጠብቃት ቆየችብን። ብንወጣ፣ ሻንጣዋን መንገድ ላይ ጥላ ማሳው መካከል ቆማለች። ግማሹ ሽምብራ ነው፣ ግማሹ ጎርፍ የተወው ድንጋይ። ልጅቷ አጎንብሳ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ዙሪያዋን በዝግታ እያየች፣ «ይኸ ነው ጉልበት የደረሰው?» አለች።

እናቷ ሮጣ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ መታቻት። ደግማ መታቻት። በሦስተኛው ነጠላውን ይዛ አቀፈቻት። እማማ ምርኩዛቸውን ተክለው ከሩቅ ያያሉ፣ የቄሱ ሚስት ታለቅሳለች። እኔ ሻንጣውን ከመንገድ ላይ አነሣሁ፤ አይሱዙው እየመጣ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ጥጥ ተሰጥቷት ከመካከላችን ተቀመጠች። መፍተል ረስታ ክሩ ይበጠስባት ነበር። ተራዋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ እናቷን በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ተናገሪ» አለች ጎረቤቴ። «ማንም አይመክርሽም።»